ለአንዷ የተጠራ ስም ለሁሉ ሲሸጥ፦ የማቆላመጫ ቃላት ከብቸናና ከሞጣ እስከ ሸክላ

የዛሬ ዘፈን ግጥም ከ«ሆዴ»፣ ከ«ዓለሜ»፣ ከ«ፍቅሬ» እና ከ«ውዴ» አያልፍም የሚለው ክስ በመጽሔትም በሬዲዮም ሲሰማ ውሎ አድሯል። ከሳሾቹ ለማነጻጸሪያ የሚጠሩት ገጠሩን፣ ከገጠሩም ጎጃምን ነው። የብቸናና የሞጣ ጎበዝ የወደዳትን ልጅ በሰፈሯና በወንዟ፣ በአረማመዷና በአባቷ ስም ይጠራት ነበር፤ ለሁሉ በሚስማማ ቃል ማቆላመጥ የከተማና የሸክላ ልማድ ነው ይላሉ። ክሱ ውበት አለው፤ ከፊሉም እውነት ይመስለናል። ነገር ግን የቀድሞው ዘፈን ከዛሬው ያነሰ ይደጋግም ነበር ብሎ ለመፍረድ በቅድሚያ የቀድሞው ዘፈን በምን መንገድ እጃችን እንደገባ፣ ማን እንደመዘገበውና መዝጋቢው ምኑን አስቀርቶ ምኑን እንደጣለ መመርመር ይገባል። ይህን ስንመረምር ክሱ በጀመረበት ቦታ ላይ አይጸናም።

የምሥራቅ ጎጃም ሁለት ከተሞች ለዚህ ምርመራ የሚመቹት የጽሑፍ ድሃ ስላልሆኑ ነው። በብቸና ዙሪያ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን የተፈራረቁባቸው ገዳማት ናቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠራችው ሲሆን፣ ከተማዋም ዓባይን በሰባራ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት። በትውፊት ለአፄ ፋሲል ዘመን የሚሰጠውና በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰበረው ይህ ድልድይ ነጋዴንና ወታደርን ብቻ ሳይሆን ማሲንቆ የያዘውንም ሰው ያሻግር ነበርና፣ «የጎጃም ዘፈን» እና «የጎንደር ዘፈን» ተብሎ በኋላ የተሰመረው ወሰን በሞጣ በኩል ሲታይ እጅግ የሳሳ ነው። ይሁንና ይህ ሁሉ ብራና ለእኛ ጉዳይ ዝም ያለ ነው። ዘፈን በካህናት ዘንድ የተነቀፈ ነገር ስለነበር ብዕር የያዘው ሰው የፍቅር ዘፈን ለመጻፍ ምክንያት አልነበረውም፤ የሚዘፍነው ደግሞ ብዕር አልያዘም። ስለዚህ የፍቅር ስንኝ ወደ መዝገብ የገባው እንደ አጋጣሚ፣ አብዛኛውንም በባዕድ እጅ ነው።

ከአማርኛ ግጥሞች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድሙት ለአፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለአፄ ይስሐቅ፣ ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለአፄ ገላውዴዎስ የተገጠሙት የነገሥታት መዝሙሮች ናቸው። ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳተማቸው፤ ኤኖ ሊትማን በ1914 እ.ኤ.አ. መልሶ አጠናቸው። በእነዚህ ግጥሞች የፍቅር ነገር የለም። ሆኖም ስለ ድግግሞሽ የሚነግሩን አለ፤ ተወዳሹ በስም፣ በማዕረግና በግብር ተደጋግሞ ይጠራል፣ የጥሪው መመላለስም የግጥሙ ጉድለት ሳይሆን አጥንቱ ነው። ደጋግሞ መጥራትን በአማርኛ ግጥም የጀመረው ዘመናዊ ዘፋኝ ነው የሚል ካለ እነዚህን ገጾች ይይ።

ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ስንወርድ ፈረንሳዊውን ተጓዥ አርኖ ዳባዲን እናገኛለን። ይህ ሰው በጎጃሙ ገዢ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ቤት ኖሮ ያየውን በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሲተርክ አዝማሪዎችን ከአገሩ የጥንት ባለቅኔ ዘፋኞች ጋር ያመሳስላቸዋል። ምሳሌው ለአንባቢዎቹ የተመረጠ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ይዟል፦ አዝማሪው ባለጌታ አለው። የሚያወድሰው ሰው፣ የሚቆምበት ግቢ፣ የሚበላበት ገበታ የታወቀ ነው። ይህ ልማድ ከመሳፍንት ግቢ ወደ ጠጅ ቤትም ወርዷል፤ በጠጅ ቤት አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልሰዋል። ስንኙ የታዳሚው ነው፤ በስንኙ ውስጥ የተጠራችው ልጅም ታዳሚው የሚያውቃት፣ ምናልባትም በዚያው ቤት የተቀመጠች ናት። እዚህ ላይ የማቆላመጫው ቃል ባለቤትም ተቀባይም ነበረው። በኋላ የምንደርስበት ፍርድ በዚህ ነጥብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

የ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስብስብ ዘመን ነው። ዣክ ፋይትሎቪች በ1910 እ.ኤ.አ.፣ ማርሴል ኮኸን ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ስንኞችን አሳተሙ። ኮኸን የሰበሰበው ከሸዋ ነው፤ ለጎጃም በቀጥታ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም የአሰባሰቡ መንገድ የብዙዎች መንገድ ስለሆነ ሊመረመር ይገባዋል። የተመዘገበው ሁለት ሁለት ስንኝ ነው። ቤት የሚመታው፣ ሰምና ወርቅ ያለው፣ ለትርጉምና ለማስታወሻ የሚመቸው ጥንድ ይመረጣል፤ በጥንዱና በጥንዱ መካከል እልፍ ጊዜ የሚመላለሰው አዝማች፣ የተቀባዮቹ ምላሽ፣ ስንኝ ለመሙላት የሚገቡት «እቴ»፣ «ሆዴ» እና «ዓለሜ» ከገጹ ይወጣሉ። ስለዚህ የቀድሞውን ዘፈን ከመጽሐፍ፣ የዛሬውን ከድምፅ ማጉያ እየሰማን ስናነጻጽር ድግግሞሹ የተወለወለውን ድግግሞሹ ካልተነካው ጋር እያመዛዘንን ነው። የከሳሾቹ ስሕተት ዋና ምንጭ ይህ ይመስለናል።

ለምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ሌላ ዝንባሌ ይጨመራል። የአካባቢው ቃል ግጥም አጥኚዎችን የሳበው በመሬት፣ በግብርና በጦርነት ምክንያት እንጂ በፍቅር አይደለም። የሞጣን ስም ከማንም በላይ በመላው አገር ያስጠራው የሞጣና የቀራንዮ ስንኝ ስለ ጦም ያደረ መሬት የሚጠይቅ፣ ያልታየ በሬንና የተረገጠ ሬሳን በአንድ ድምፅ ያጣበቀ ሰምና ወርቅ ነው፤ ማንንም አያቆላምጥም። የብቸና አውራጃ ልጅ የነበሩት አርበኛ በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተሰቀሉ ወዲህ በለቅሶና በፉከራ ሲነሡ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው፣ «አባ ኮስትር» ተብለው ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ሞጣንና ብቸናን ከዋና መናኸሪያዎቹ አድርጎ ቆጥሯል፤ ገብሩ ታረቀም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው መርምረውታል። ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬዎች ቃል ግጥም ሰብስበው በ1999 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶችም የተመለከቱት የየትኖራን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርና የ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድልን ነው። እነዚህ የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ስለ ገበሬውና ስለ መንግሥት ለሚጠይቅ ሰው ወደር የላቸውም። ነገር ግን የብቸና ኮረዳ በጥምቀት ሜዳ ወይም በወፍጮ ላይ ማንን ምን ብላ እንደጠራች ለመመለስ አልተጻፉም። አገሩ በፍቅር ቃል ቁጥብ ይመስለናል እንጂ ቁጥቡ መዝገቡ ሊሆን ይችላል።

ከመዝገቡ ውጭ በአፍ የቆየውን ስንመለከት ቃላቱ በጣም ብዙ አይደሉም፤ የተለያየ ምንጭ ግን አላቸው። «ሆዴ»፣ «አንጀቴ»፣ «ዓይኔ»፣ «ገላዬ»፣ «አካሌ» ከሰውነት የመጡ ናቸው። «ሆዴ» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም የሚሆነው አማርኛ ምሥጢርንም፣ ቅሬታንም፣ ርኅራኄንም የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ነው። «እቴ»፣ «እትዬ» እና «ወንድሜ» ከዝምድና፣ «ጌታዬ» እና «እመቤቴ» ከማዕረግ፣ «ጋሻዬ» እና «መከታዬ» ሴት ወንዱን ከምትጠራበት የጦር ቋንቋ፣ «ሎሚዬ» እና «ማሬ» ከጓሮና ከማጀት ናቸው። «ዓለሜ» ብቻውን ሊታይ ይገባዋል። ከተሜ አድማጭ ዛሬ ሰፊ ዓለምን፣ ምድርንና ሰማይን ያስባል፤ ገጠር ግን እናት በልጇ ሠርግ ላይ ዓለሟን ታያለች፣ ሙሽራም ዓለሙን ያያል። ቃሉ በዚያ አፍ ድግስን፣ ደስታንና ወግ ማየትን ይዟል። «ዓለሜ» የተባለች ልጅ «ሠርጌ» እንደተባለች ያህል ነበር፤ አባባሉ ቃል ኪዳን ሊመስል የሚችል ክብደት ነበረው።

ይህ ክብደት በትዳር ውስጥ ከነበረው ዝምታ ጋር ሲታይ ይበልጥ ይገባናል። በአማራ ገጠር ባልና ሚስት በሰው ፊት አይቆላመጡም ነበር፤ ሚስት ባሏን «እሱ» ወይም «ጌታው»፣ ባልም ሚስቱን «እሷ» ወይም «አንቺ» ብሎ ማለፍ የጨዋ ወግ ነበር። ጋብቻው በቤተ ዘመድ የሚወሰን፣ ሙሽራይቱም ብዙ ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስለነበረች፣ የማቆላመጫው ቃል የሚኖረው በትዳር ደጃፍ ላይ ነው፤ ወይ ከጋብቻ በፊት በበዓል ጨዋታ፣ ወይ በሠርግ ዘፈን፣ ወይ ከጋብቻ ውጭ በስርቆሽ ፍቅር። በዘፈን ካልሆነ በቀር አደባባይ ላይ የማይነገር ቃል በዘፈን ሲነገር ቢደጋገምም አይሰለችም።

የእነዚህን ቃላት ምንጭ በተመለከተ አስተያየቶች ይጋጫሉ። አንደኛው ወገን ማርንና ወተትን፣ ሎሚንና እሸትን ከገበሬው ኑሮ በቀጥታ የተወሰዱ አድርጎ ይመለከታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መኃልየ መኃልይን ያስታውሳል፤ በዚያ መጽሐፍ ሙሽራይቱ እኅት ትባላለች፣ ከምላሷ በታች ማርና ወተት አለ፣ «ውድ» የሚለውም ቃል ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ገጾች ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ዲማና ደብረ ወርቅ ባሉበት አገር፣ የመልክዕ ድርሰት የቅዱሱን አካል ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እየጠራ በሚያወድስበት ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ላደገ ዘፋኝ ሁለተኛው ምንጭ ሩቅ አልነበረም። እኛ ሁለቱን ማስታረቅ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም። ሴት ወፍጮ ላይ ሆና «ማሬ» ስትል ከማጀቷ ልትወስደው፣ ትምህርቱን ያቋረጠ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ያንኑ ቃል ከመጽሐፉ ሊያመጣው ይችላል፤ ቃሉ በዘፈን ላይ ከተገናኘ በኋላ የመጣበትን መንገድ መለየት አይቻልም።

ከምንጩ ይልቅ አገልግሎቱ ግልጽ ነው። በአማርኛ ዘፈን እጅግ የተለመደው የወል ቤት ስንኙን በስድስትና በስድስት ቀለም ይከፍላል። «ሆዴ»፣ «እቴ» እና «ውዴ» ሁለት ሁለት፣ «ዓለሜ» ሦስት፣ «የኔ ዓለም» አራት ቀለም አላቸው። ሐሳቡ በአራት ቀለም ያለቀበት ገጣሚ «ሆዴ» ብሎ ሐረጉን ይሞላል፤ በሦስት ያለቀበት «ዓለሜ» ይላል። ወዲያው ስንኝ መስጠት በሚጠበቅበት ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ለገጣሚው እስትንፋስ መውሰጃ ነው። እንግዲህ የብቸናና የሞጣ ገጣሚ እነዚህን ቃላት የሚደጋግመው ከፍቅር ብዛት ብቻ ሳይሆን ከቀለም እጥረትም ነበር ብንል ክብሩን የምንነካ አይመስለንም።

የለውጡን መነሻ በአንድ ዓመት መቁረጥ የሚወድ ሰው 1900 ዓ.ም.ን ይመርጥ ይሆናል። በዚያ ዓመት (1908 እ.ኤ.አ.) ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀዱ። ድምፁ ከጠጅ ቤት፣ ከባለጌታና ከ«ተቀበል» ባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለየ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ሸክላና ማጫወቻው በጥቂት መኳንንት ቤት ብቻ ስለነበሩ አድማጩ ገና የታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ዓመት እንደ ምልክት እንቀበለዋለን እንጂ እንደ ምክንያት አንወስደውም።

ምክንያቱ የበሰለው ቆይቶ ነው። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በእነዚህ መድረኮች ላይ ዘፈን የሚሰማው ገንዘብ ከፍሎ ወይም ተጋብዞ የተቀመጠ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. አምኃ እሸቴ አምኃ ሬከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ፤ ካይፋ የተባለው ሸክላ አሳታሚም ተከተለ። ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የነሐስ መሣሪያዎቹ መግቢያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቤት ግጥም፣ በመካከሉም አድማጭ በአንድ መስማት የሚይዘው አዝማች መግባት አለበት። ቀድሞ ስንኝ ይሞላ የነበረው ቃል አሁን ራሱ አዝማች ሆነ፤ ከዚያም አልፎ የዘፈን ርዕስ ሆኖ ሸክላው ላይ ታተመ። የማሕሙድ አሕመድ «ዓለምዬ» (1974 እ.ኤ.አ.) እና በጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባው የሙሉቀን መለሰ «ወተቴ ማሬ» ለዚህ ሁለት የታወቁ ምስክሮች ናቸው። ሁለቱም ድንቅ ዘፈኖች መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ እኛም አንክድም።

ነገር ግን የቃሉ ቦታ መቀየሩን ማየት ይገባል። በጠጅ ቤት «ማሬ» የተባለች ልጅ የታወቀች ነበረች። ሸክላው ግን ለአስመራም፣ ለድሬዳዋም፣ ለደሴም እኩል መሸጥ አለበት፤ ስለዚህ በዘፈኑ የምትጠራው ልጅ የማንም ሰፈር ልጅ መሆን የለባትም። ወንዝ፣ ቀበሌ፣ የአባት ስም፣ የፈረስ ስም ገበያውን ያጠባሉ፤ «ሆዴ» እና «ፍቅሬ» ያሰፉታል። የዘፈን ግጥም ጸሐፊነት ሙያ ሆኖ እነ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለሙሉቀንና ለሌሎችም ሲጽፉ ችሎታው አልጎደለም፤ ገጣሚውና ተቆላማጯ መተዋወቃቸው ግን ቀርቷል። ድግግሞሹ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ተቀባይ የሌለው ድግግሞሽ ነው።

በዚህ ዘመን በብቸና ደጃፍ የተፈጸመ አንድ ሌላ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናውን ፍቅር ያኖረው ዲማ ላይ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ስሜታቸውን ለመግለጽ ብዙ ገጽ፣ ብዙ ዝምታና ብዙ ፍርሃት አስፈልጓቸዋል። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ያው ሬዲዮ የፍቅር ቃላቱ በአዝማች የሚመላለሱበትን ዘፈንም ያሰማ ነበር። ለመናገር ያን ያህል የሚያስቸግር ቃል በዘፈን እንዲህ መቅለሉን ያስተዋለ አድማጭ ነበር ብለን ለመገመት እንደፍራለን፤ ግምት መሆኑን ግን አንሰውርም።

የደርግ ዘመን (1966–1983 ዓ.ም.) በአንድ በኩል የገጠሩን ዘፈን ወደ መድረክ አወጣው። የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን፣ ጎንደር ፋሲለደስን አሰለፉ፤ የአገሩ ዜማና እስክስታ በኦርኬስትራ ታጅቦ ለሕዝብ ቀረበ። በሌላ በኩል የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ዘጋ፤ ሰው ዘፈንን ከባለ ማሲንቆው ፊት ሳይሆን ከካሴት ይሰማ ጀመር። ካሴት ከሸክላ ይልቅ ርካሽ ነው፣ ሞጣና ብቸና ገበያም ይደርሳል። ውጤቱ ተቃራኒ ነገሮችን ያጣመረ ሆነ፦ የጎጃም ዜማ ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ተቀነባበረ፣ ለሁሉ የሚስማማውን ቃል ለብሶም ተመልሶ ጎጃም ገባ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሲዲና የቪዲዮ ክሊፕ ይህን መንገድ አፋጠኑት እንጂ አልቀየሩትም። ክሊፑ ዓይንና አረማመድ ስለሚያሳይ ግጥሙ ዓይንንና አረማመድን ከመግለጽ ተገላገለ፤ ለቃሉ የቀረለት ሥራ መጥራት ብቻ ሆነ። አልፎ አልፎ የሚሰማው «ቤቢ»ም የዚሁ መንገድ የቅርብ መንገደኛ ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ዕጣ አይደለም። የግብፅ ዘፈን «ሐቢቢ»ን፣ የአሜሪካ ዘፈን «ቤቢ»ን በአዝማቹ ይደጋግማሉ። የእኛ ልዩነት የተቆረጠው ክር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የነበረ መሆኑ ነው፤ «ተቀበል» የሚል ታዳሚ ባለበት አዝማሪ ቤት ዛሬም ማቆላመጫው ለአንድ ሰው ይነገራል፣ ያችም ሰው ትስቃለች ወይም ታፍራለች።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ቃላቱ በመደጋገም አረጁ የሚለውን ክስ መዝገቡ አይደግፈውም፤ የቀድሞው ዘፈን ምናልባት ከዛሬው ያላነሰ ይደጋግም ነበር። ቃላቱን ያሳሳቸው ከሚታወቅ ሰው ተነጥለው ለማይታወቅ ገዢ መቅረባቸው ነው። የዘፈን ግጥም ጸሐፊን «ሆዴ» አትበል ማለት አይጠቅምም፤ «ሆዴ» ያልካት የት አገር ልጅ ናት ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ለአጥኚዎች ደግሞ አንድ አደራ አለን፦ ከሞጣ፣ ከቀራንዮ፣ ከብቸናና ከዲማ ዙሪያ ከእንግዲህ የሚሰበሰብ ዘፈን ጥንድ ስንኙ ተለቅሞ ሳይሆን አዝማቹ፣ የተቀባዮቹ ምላሽ፣ የታዳሚው ጥሪና ስሙ የተጠራው ሰው ማንነት ሳይቀነስ አብሮ ይመዝገብ።